ኦርቪል ራይትና የመስተዋቱ ምስክር

ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የሚሆኑ የድሮ ፎቶግራፎችን እንድንሰበስብ መምህራችን ባዘዙን ጊዜ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ካርቶን ሙሉ ፎቶግራፍ አገኘን። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ከፎቶግራፎቹ የሚበዙት በጀርባቸው ስም የላቸውም፤ ቀንም ቦታም አልተጻፈባቸውም። ተሰልፈው የቆሙት ተማሪዎች እነማን እንደ ነበሩ፣ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ የያዘው ልጅ በምን ውድድር እንዳሸነፈ የሚነግረን ሰው አጣን። በዚያው ሰሞን ስለ አይሮፕላን አጀማመር ስናነብ የኦርቪል ራይትን የሕይወት ታሪክ አገኘን። ይህ ሰው ከወንድሙ ከዊልበር ጋር ሆኖ በሞተር የሚበር አይሮፕላን እንደ ሠራ ሁላችንም በትምህርት ሰምተናል። ትጉህ ፎቶግራፍ አንሺ እንደ ነበረ፣ የሠራውም ሥራ በዓለም ዘንድ ሊታመንለት የቻለው በከፊል ስለ ፎቶግራፎቹ እንደ ሆነ ግን አናውቅም ነበር። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ለጓደኞቻችን፣ ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን በአጭሩ ለመጻፍ አሰብን። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦርቪል ራይት በአሜሪካ አገር፣ ኦሃዮ በሚባለው ግዛት፣ በዴይተን ከተማ በ1871 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ውስጥ ተወለደ። አባቱ ሚልተን ራይት በአንድ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበሩ። ስብከታቸው ከቦታ ወደ ቦታ ያዞራቸው ስለ ነበር ለልጆቻቸው ከየአገሩ ስጦታ ይዘው ይመለሱ ነበር። በ1878 ዓ.ም. በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል ወደ ላይ የሚበር አንድ ትንሽ መጫወቻ አመጡላቸው። ኦርቪልና በአራት ዓመት የሚበልጠው ዊልበር መጫወቻው እስኪሰበር ድረስ ተጫወቱበት፤ ከተሰበረም በኋላ እሱን የሚመስል ራሳቸው ሠሩ። እናታቸው ሱዛን በእጅ ሥራ የተካኑ፣ የቤቱን ዕቃ ራሳቸው የሚጠግኑ ሴት ነበሩ። ልጆቹ መሣሪያ መያዝን የተማሩት ከእናታቸው ነው ይባላል። እኒህ እናት በ1889 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ።

ኦርቪል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ ሥራ ገባ። በመጀመሪያ ከወንድሙ ጋር የማተሚያ መኪና ሠርቶ አንዲት ትንሽ የሰፈር ጋዜጣ ማተም ጀመረ። በ1892 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ ወንድማማች የቢስክሌት መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ከፈቱ፤ ጥቂት ቆይተውም የራሳቸውን ቢስክሌት ይሠሩ ጀመር። ትምህርት ያቋረጡት ትምህርት ጠልተው እንዳይመስላችሁ። በቤታቸው ብዙ መጻሕፍት ነበሩ፤ እኅታቸው ካተሪንም የኮሌጅ ትምህርቷን ጨርሳ በዚያው ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆናለች። ወንድሞቿም ዕድሜያቸውን በሙሉ ከማንበብና ከመጻፍ አልተለዩም።

ሁለቱ ወንድማማች ፎቶግራፍ ማንሣትን የጀመሩት እንደ ማናቸውም ሰው ቤተሰባቸውንና ጓደኞቻቸውን በማንሣት ነው። በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ነገር አልነበረም። ሥዕሉ የሚቀረጸው ብርሃን የሚለውጠው መድኃኒት በተቀባ መስተዋት ላይ ነው። መስተዋቱ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ ብርሃን ከነካውም ይበላሻል። ከተነሣ በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥ በልዩ ልዩ መድኃኒት መታጠብ አለበት። ራይቶች ከቤታቸው ጀርባ ባለች አንዲት ጎጆ ውስጥ የጨለማ ክፍል አዘጋጅተው ሥዕሎቻቸውን ራሳቸው ያጥቡ ነበር።

አሁን ካሜራው ከመብረር ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ እንናገር። በጀርመን አገር ኦቶ ሊሊየንታል የሚባል መሐንዲስ እንደ ወፍ ክንፍ አድርጎ በሠራው መሣሪያ ከኮረብታ ላይ እየተነሣ ያለ ሞተር ይንሳፈፍ ነበር። ጎበዝ ፎቶግራፍ አንሺዎች በአየር ላይ እንዳለ አነሡት፤ ሥዕሎቹም በብዙ አገር መጽሔቶች ታተሙ። ሰው ይበራል ሲባል ይስቅ የነበረው ሁሉ ሥዕሉን ባየ ጊዜ ዝም አለ። ሊሊየንታል በ1896 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ውስጥ ከአየር ወድቆ ሞተ። በዚያው ዓመት ኦርቪል በታይፎይድ በሽታ በጽኑ ታሞ ነበር። ወንድማማቾቹ የሊሊየንታልን ሞት በጋዜጣ አንብበው፣ እሱ የተወውን ሥራ ለመቀጠል ያሰቡት ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ፎቶግራፍ ከጀርመን ኮረብታ ተነሥቶ በአሜሪካ አገር የቢስክሌት ሱቅ ውስጥ ያለውን ሰው ልብ ሊያነሣሣ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በ1900 ዓ.ም. ወንድማማቾቹ ነፋስ የማያቋርጥበትና ቢወድቁም የማይጎዱበት አሸዋማ ቦታ ፈልገው በኖርዝ ካሮላይና ግዛት ወደምትገኘው ኪቲ ሆክ ወደምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ሄዱ። ከክንፉ፣ ከእንጨቱና ከሸራው ጋር ካሜራቸውንም ይዘው ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ውስጥ ብርቱ ነፋስ መሣሪያቸውን ከመሬት ላይ አንሥቶ አሽቀንጥሮ ጣለው። ሌላ ሰው ቢሆን በንዴት ስብርባሪውን ሰብስቦ ወደ ጎጆው ይገባ ነበር። እነሱ ግን በመጀመሪያ ካሜራቸውን አምጥተው ስብርባሪውን እንደ ወደቀ ፎቶግራፍ አነሡት። ይህ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። በእኛ አስተያየት ከዝነኞቹ ፎቶግራፎች ሁሉ የሰዎቹን ጠባይ አጉልቶ የሚያሳየው ይህ ነው። ማንም ሰው ድሉን ለማሳየት ይቸኩላል፤ ውድቀቱን ግን ለማስቀመጥ የሚደፍር ጥቂት ነው።

በ1901 ዓ.ም. ከበፊቱ የሚበልጥ መሣሪያ ሠርተው ተመለሱ። ነገር ግን መሣሪያው ካሰቡት ኃይል ጥቂቱን ብቻ ሰጠ። በዚያ ዓመት መስከረም ወር ውስጥ ዊልበር በቺካጎ ከተማ ለመሐንዲሶች ንግግር ሲያደርግ ፎቶግራፎቻቸውን በመብራት ግድግዳ ላይ እያሳየ ነበር። በንግግሩም ውስጥ በጨለማው ክፍል የሚያሳልፉት ጊዜ በሜዳ ላይ ከሚያሳልፉት የማያንስ ልብ የሚያንጠለጥል መሆኑን ተናገረ። መስተዋቱ በመድኃኒቱ ውስጥ ሲነከር ብቅ የሚለው ሥዕል የሚበር መሣሪያ ይሁን ወይም ባዶ ሰማይ ብቻ አስቀድሞ አይታወቅም ነበርና።

ካሜራው ለእነሱ የማስታወሻ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የመመርመሪያ መሣሪያም ነበር። ሰው የሌለበትን ክንፍ በገመድ ይዘው በነፋስ ሲያንሳፍፉት ፎቶግራፍ ያነሡታል። በ1901 ዓ.ም. በተነሣው ሥዕል ገመዱ አጋድሎ ይታያል፤ ይህም ነፋሱ መሣሪያውን ከማንሣት ይልቅ ወደ ኋላ ብዙ እንደሚጎትተው ያስረዳል። በ1902 ዓ.ም. በተነሣው ላይ ግን ገመዱ ወደ ላይ ቀጥ ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። በመካከሉ ምን ተደረገ ቢባል፣ በክረምቱ በሱቃቸው ውስጥ ነፋስ የሚያልፍበት ረዥም የእንጨት ሣጥን ሠርተው ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑ ልዩ ልዩ የክንፍ ቅርጾችን መርምረው ነበር። ከሌሎች የተቀበሉት የሒሳብ ሠንጠረዥ እንደማያስተማምን ስላወቁ የራሳቸውን ሠሩ። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የዚያ የአንድ ክረምት ድካም ፍሬ በዓይን ይታያል።

በዚያው በ1902 ዓ.ም. ኮሮና የሚባል የተሻለ ካሜራ ገዙ። ወርዱ 13 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ መስተዋት የሚጎርስ ነበር። በዚህ ካሜራ መሣሪያቸውን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩበትን ጎጆ፣ ጣሳዎቹ በመደርደሪያ ላይ በሥርዓት የተደረደሩበትን ማድ ቤታቸውን፣ የመንደሩንም ሰዎች አነሡ። በዚያ ዓመት መጸው ከሰባት መቶ ጊዜ በላይ ከኮረብታው ላይ ተንሳፈፉ። መሣሪያውን ወደፈለጉት አቅጣጫ ማዞርንም ተማሩ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሞተር ነበር። በሱቃቸው የሚሠራው ቻርሊ ቴይለር በስድስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ 12 የፈረስ ጉልበት ያህል የሚሰጥ ሞተር ሠራላቸው። በ1903 ዓ.ም. ታኅሣሥ 14 ቀን ማን በመጀመሪያ እንደሚሞክር ለማወቅ ሳንቲም ወረወሩ፤ ዕጣው ለዊልበር ወጣ። ነገር ግን የአይሮፕላኑን አፍንጫ ከመጠን በላይ ስላቀናው መሣሪያው ወዲያው አሸዋው ላይ ወደቀና ጥቂት ተሰበረ። ዊልበር ከተሰበረው መሣሪያ ላይ እንደ ተኛ ፎቶግራፍ ተነሣ። ይህም ውድቀት እንደ በፊቱ በመስተዋት ላይ ተመዘገበ።

በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 17 ቀን፣ ነፋሱ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍስ ነበር። ብርዱም በየጉድጓዱ ያቆረውን ውሃ አርግቶት ነበር። በባሕር ላይ አደጋ የሚያገኛቸውን መርከበኞች ከሚያድኑት የጠረፍ ሠራተኞች ሦስቱ፣ ከአገሩ ሰዎችም ሁለቱ፣ በጠቅላላው አምስት ሰዎች ለማየት መጡ። ተራው የኦርቪል ነበር። ኦርቪል ግን ወደ መሣሪያው ከመውጣቱ በፊት ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆመ። አይሮፕላኑ ከሐዲዱ ሲለቅ ይደርስበታል ብሎ ወደገመተው ቦታ አነጣጠረው። ከዚያም ከጠረፍ ሠራተኞቹ አንዱ ለሆነው ለጆን ዳንየልስ የካሜራውን የላስቲክ ኳስ አስጨበጠውና መሣሪያው ሲነሣ እንዲጨምቀው ነገረው። ዳንየልስ ፎቶግራፍ የማንሣት ልምድ አልነበረውም።

ከጧቱ በ4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ አይሮፕላኑ ከሐዲዱ ተነሣ። በአየር ላይ የቆየው 12 ሴኮንድ ብቻ ነው፤ የሄደውም 36 ሜትር ተኩል ያህል ነው። እየተፈራረቁ አራት ጊዜ በረሩ። በመጨረሻው በረራ ዊልበር 59 ሴኮንድ ቆይቶ 260 ሜትር ሄደ። ከዚህ በኋላ ቆመው ሲነጋገሩ ድንገተኛ ነፋስ መጥቶ መሣሪያውን ገለበጠው። ሊይዘው የሮጠው ዳንየልስም በእንጨቱና በሽቦው መካከል ተጠምዶ አብሮ ተንከባለለ፤ ከመቁሰል በቀር ግን ሌላ ጉዳት አላገኘውም። ያ አይሮፕላን ከዚያች ቀን ወዲህ ዳግመኛ አልበረረም።

ዳንየልስ ከመገረሙ የተነሣ ኳሱን መጨመቁንና አለመጨመቁን እርግጠኛ አልነበረም። ስለዚህ ወንድማማቾቹ መስተዋቱን ሳያጥቡ፣ ሥዕል ይኑርበት አይኑርበት ሳያውቁ፣ ወደ ዴይተን ይዘውት ተመለሱ። በጨለማው ክፍል መድኃኒት ውስጥ በነከሩት ጊዜ ግን ሥዕሉ ብቅ አለ። አይሮፕላኑ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ኦርቪል በታችኛው ክንፍ ላይ በሆዱ ተኝቷል። ዊልበር ክንፉን ደግፎ ሲሮጥ ቆይቶ ከለቀቀው በኋላ በስተ ቀኝ በኩል ይታያል። በአሸዋው ላይ የእግር ዱካ፣ አካፋና ክንፉ ተደግፎበት የነበረ ትንሽ አግዳሚ ወንበር አሉ። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዱ ይህ ነው። ያነሣው የጠረፍ ሠራተኛ ነው፤ ያዘጋጀው ግን በሥዕሉ ውስጥ ተኝቶ የሚታየው ሰው ነው።

ምስክር ለምን እንዳስፈለገ ያን ጊዜ ወዲያው ታየ። ለአባታቸው የላኩት ቴሌግራም በመንገድ ላይ ተሳስቶ 59 ሴኮንድ የነበረው 57 ሆኖ ደረሰ። በማግሥቱ የታተመ አንድ የቨርጂኒያ ጋዜጣ ደግሞ አይሮፕላኑ ሦስት ማይል ሄደ ብሎ ጻፈ። ወሬው አንዴ ሲያንስ አንዴ ሲበዛ፣ ያልተለወጠው መስተዋቱ ብቻ ነበር።

በ1904 እና በ1905 ዓ.ም. በዴይተን አጠገብ ባለ የከብት መሰማሪያ ሜዳ ላይ መብረራቸውን ቀጠሉ። ኦርቪል በእነዚያ ዓመታት በያዘው የማስታወሻ ደብተር ስለ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ቀንና ቦታ፣ ብርሃኑ የገባበትን ጊዜ፣ የመስተዋቱን ዓይነትና የተነሣውን ነገር ይጽፍ ነበር። ይህን ስናነብ የእኛ ካርቶን ትዝ አለንና እርስ በርሳችን ተያየን።

ይሁን እንጂ ኦርቪልና ዊልበር ካሜራን የሚወዱትን ያህል የሌላ ሰው ካሜራ ይፈሩ ነበር። የሥራቸውን ምሥጢር ሌላ ሰው ከፎቶግራፍ ላይ አይቶ እንዳይሰርቃቸው በመሥጋት ከ1905 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አንሥቶ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ሳይበሩ ቆዩ። የመጀመሪያውንም በረራ ሥዕል ለብዙ ጊዜ በእጃቸው ይዘው ቆዩ። በዚህ ምክንያት በአውሮፓ ብዙ ሰዎች ውሸታሞች ናቸው እያሉ ያሙአቸው ነበር። በ1908 ዓ.ም. ግንቦት ወር ውስጥ እንደገና ወደ አሸዋው ቦታ በተመለሱ ጊዜ ጋዜጠኞች በዛፎች መካከል ተሸሽገው ጠበቋቸው። ከነሱም አንዱ ጂሚ ሄር የሚባለው ፎቶግራፍ አንሺ አይሮፕላኑን ከሩቅ አንሥቶ በመጽሔት አወጣው። በዚያው ዓመት ዊልበር በፈረንሳይ አገር በሕዝብ ፊት በረረ፤ ያን ጊዜ ያሟቸው ሁሉ አፈሩ።

ኦርቪል ደግሞ በዋሽንግተን አጠገብ በፎርት ማየር ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት አይሮፕላኑን ያሳይ ነበር። በ1908 ዓ.ም. መስከረም 17 ቀን ሻምበል ባሻ ሳይሆን መኮንን የሆነውን ቶማስ ሰልፍሪጅን አሳፍሮ ሲበር ከውልብልቢቶቹ አንዱ ተሰነጠቀና አይሮፕላኑ ወደቀ። ሰልፍሪጅ ሞተ፤ በሞተር አይሮፕላን አደጋ የሞተ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ኦርቪልም ጭኑና የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው ብዙ ሳምንት በሐኪም ቤት ተኛ። እኅቱ ካተሪን የማስተማር ሥራዋን ትታ አስታመመችው። ኦርቪል አደጋው የደረሰበትን ምክንያት መርምሮ ካገኘ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ወደዚያው ሜዳ ተመልሶ ፈተናውን ፈጸመ። ሠራዊቱም አይሮፕላኑን በ30,000 ዶላር ገዛው። ዛሬ በየሙዚየሙ ሰው ቆሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣቸው የድሮ የጦር አይሮፕላኖች ሁሉ አባት ይህ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ውስጥ ዊልበር በሮም አጠገብ ሲበር አንድ የሲኒማ ካሜራ ያዥ አብሮት ተሳፍሮ ነበርና፣ ከአይሮፕላን ላይ ሆኖ ተንቀሳቃሽ ፊልም ማንሣት በዚያ ተጀመረ።

በ1912 ዓ.ም. ዊልበር በታይፎይድ በሽታ በ45 ዓመቱ ሞተ። ሁለቱም ሚስት አላገቡም፤ ሥራቸውም ሐሳባቸውም አንድ ነበር። ስለዚህ ኦርቪል ግማሽ አካሉን ያጣ ያህል ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወር ደግሞ በዴይተን ከተማ ታላቅ ጎርፍ መጣ። ውሃው መስተዋቶቹ በተቀመጡበት ጎጆ ገብቶ ለቀናት ሸፈናቸው። የ1903ቱም አይሮፕላን ተፈታትቶ በሣጥን ውስጥ እንዳለ በጭቃ ተዋጠ። ውሃው ከጎደለ በኋላ ኦርቪል መስተዋቶቹን አንድ በአንድ አወጣ። ከአንዳንዶቹ ላይ ሥዕሉ ተላጦ ነበር። የመጀመሪያው በረራ መስተዋት ግን ከአንዱ ማዕዘን ጥቂት ብቻ ተጎድቶ ዋናው ሥዕል ተረፈ። በዛሬ ጊዜ ከመስተዋቱ የሚታተመውን ሥዕል አስተውሎ የተመለከተ ሰው የዚያን ጎርፍ ጠባሳ ሊያይ ይችላል።

ከጎርፉ የከፋ ክርክር ደግሞ ቀጥሎ መጣ። ስሚዝሶኒያን የሚባለው ታላቅ ተቋም አለቃ የነበሩት ሳሙኤል ላንግሊ በ1903 ዓ.ም. ያስነሡት አይሮፕላን ሁለት ጊዜ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ነበር። በ1914 ዓ.ም. ግሌን ከርቲስ የተባለው የአይሮፕላን ሠሪ፣ በፓተንት ክስ ከራይቶች ጋር ይከራከር የነበረው፣ ያንን መሣሪያ ከተቋሙ ተቀብሎ፣ ብዙ ክፍሉን ለውጦ ጥቂት አስነሣው። ተቋሙም ሰውን ይዞ ለመብረር የቻለ የመጀመሪያው አይሮፕላን የላንግሊ ነው ብሎ ለሕዝብ አሳየው። ኦርቪል እውነቱን ለማወቅ በ1915 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሙን ሎሪንን ሙከራው ወደሚደረግበት ቦታ ላከ። ሎሪን ስሙን ለውጦ ሄዶ የመሣሪያውን ክንፍ ሲሰበር ፎቶግራፍ አነሣ፤ የከርቲስ ሰዎች ግን አይተውት ፊልሙን አስረከቡት። በዚህን ጊዜ የሥዕልን ኃይል የሚያውቁት ራይቶች ብቻ እንዳልነበሩ ታወቀ።

ኦርቪል ግን ዝም አላለም። የአሮጌውን መሣሪያና የተለወጠውን ፎቶግራፎች እያስተያየ፣ ምን ምን እንደ ተለወጠ እየዘረዘረ ለብዙ ዓመት ተከራከረ። ተቋሙ ቃሉን አልመልስም ባለ ጊዜ በ1928 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አይሮፕላን ወደ ለንደን ሳይንስ ሙዚየም ላከው። አሜሪካኖችም የገዛ አገራቸውን ታላቅ ሥራ ለማየት ባሕር መሻገር አስፈለጋቸው። በመጨረሻ በ1942 ዓ.ም. ስሚዝሶኒያን የተደረገውን ለውጥ በዝርዝር አትሞ ስሕተቱን አመነ። ኦርቪልም አይሮፕላኑ ወደ አገሩ እንዲመለስ ፈቀደ።

በ1944 ዓ.ም. ኦርቪል የ72 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ኮንስቴሌሽን በሚባለው ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን ተሳፍሮ ለጥቂት ጊዜ መሪውን ያዘ። የዚያ አይሮፕላን የክንፍ ስፋት በ1903 ዓ.ም. ኦርቪል በመጀመሪያ ከሄደበት ርቀት ይበልጥ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ጥር 30 ቀን በዴይተን ሞተ። አይሮፕላኑ በዚያው ዓመት ከለንደን ተመልሶ፣ ልክ በ45ኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ 17 ቀን በዋሽንግተን ለሕዝብ ታየ፤ ኦርቪል ግን ይህን ለማየት አልደረሰም። በሚቀጥለው ዓመት የወንድማማቾቹ ጽሑፎችና 303 የመስተዋት ነጋቲቮች ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተሰጡ። ዛሬ ማንም ተማሪ ሊመለከታቸው ይችላል።

እኛ ከዚህ ታሪክ የተረዳነው፣ ሥራን መሥራት አንድ ነገር ሲሆን ሥራው እውነት መሆኑን ለሚመጣው ሰው ማስረዳት ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ነው። የኦርቪል መስተዋቶች የታመኑት ድሉን ስላሳዩ ብቻ አይደለም፤ የተሰበረውን ክንፍ፣ የወደቀውን ወንድም ሳይደብቁ ስላሳዩ ነው። እኛም ካርቶናችንን እንደገና ከፍተን ፎቶግራፎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተናል። በዚህ በዓል ወደ ትምህርት ቤታችን የምትመጡ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ስታልፉ ጥቂት እንድትቆዩልን እንለምናለን። ያወቃችሁትን ፊት ስሙንና ዓመቱን ንገሩን፤ እኛ በእርሳስ በጀርባው እንጽፈዋለን። የተሸነፍንባቸውን የጨዋታ ቀኖች ፎቶግራፎችም አላስወጣናቸውም፤ እነሱም ከዋንጫው ጎን ተቀምጠዋል።